የተውሶ ኩታና የኮበለለ ንብ

አንድ አባባል አለችን። ሰው በገዛ አፉ ጉድ ሲፈላበት ባየን ቁጥር ከምላሳችን ዱብ ትላለች። በሬዲዮ ቀርቦ ያልተጠየቀውን የሚዘባርቅ ሹም የሰማ ባለ ታክሲ ይላታል። ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ «ዝም በል ብዬህ አልነበረም?» እያለ ደንበኛውን የሚቆጣ ጠበቃ ይላታል። በየስብሰባው ደግሞ ሰብሳቢው ራሱ ጆሯችን እስኪግል ድረስ ከተናገረ በኋላ፣ ሌላው እንዲያሳጥር ለመምከር ይጠቀምባታል። አባባሏ ሁለት ጎን አላት። አንዱ ስለ ዳኝነት ነው፣ ሌላው ስለ ጨርቅ። ዳኝነትንና ጨርቅን ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ሁሉም ጨርቁ ቤት ለመምታት የገባ ይመስለዋል።

አይደለም። ነገሩን ከአባቶቻቸው ሰማን የሚሉ ሰዎች እንደሚያወሩት ከሆነ ጨርቁ የእውነት ጨርቅ ነበር፣ ባለቤትም ነበረው። ባለቤቱም እስኪሞት ድረስ አልረሳውም። እውነት ነው ውሸት ነው የሚለውን ንቦቹ ይወቁት። ታሪኩ ግን እንዲህ ነው።

ሾላ አምባ በምትባል አገር ባይለየኝ ካሳዬ የሚባል ገበሬ ነበር። ገበሬ ይባል እንጂ ልቡ ከማረሻው ጋር አልነበረም፤ ከችሎቱ ጋር ነበር። የዚያን ጊዜ ሙግት እንደ ዛሬው ክስ በወረቀት ገብቶ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደርቦ፣ ዳኛው ከመዝገብ ቀና ሳይል የሚያልቅ ነገር አይደለም። ተሟጋቹ ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ጨብጦ፣ ከዳኛው ፊት እየተንጎራደደ፣ «በላ ልበልህ!» ብሎ ይጀምርና ነገሩን በግጥም እያሰካካ ያወርደዋል። አገሬው ሥራ ፈትቶ ያዳምጣል። ያማረ ነገር ሲሰማ «ይበል!» ይላል፤ ተሟጋቹ ሲደናቀፍ ይስቃል። የሠርግ ዘፈን እንኳ ያን ያህል ሰው አይሰበስብም ነበር።

ባይለየኝ ከዚህ ችሎት ቀርቶ አያውቅም። ቅዳሴ ቢያመልጠው ያመልጠዋል እንጂ ማክሰኞ ማክሰኞ ግራዝማች አምባዬ ለዳኝነት ሲቀመጡ ከፊት ተሰልፎ ይገኛል። የሌላ ሰው ሙግት ቃል በቃል ይዞ ይመለስና፣ እርሻ ላይ አንዱን በሬ ከሳሽ፣ ሌላውን ተከሳሽ አድርጎ ሲሟገት ይውላል። በሬዎቹ ሁለቱም ይረቱ ነበር። የባይለየኝ ሐዘን ግን ሌላ ነበር፤ የሚከሰው ሰው የለውም። ጎረቤቶቹ ሁሉ ደግ ናቸው። ድንበር የሚገፋ፣ ከብት የሚሰድበት፣ ስሙን የሚያጠፋ አንድ እንኳ አልተገኘለትም። «እግዜር ለሰው ሁሉ ባላጋራ ሲያድል እኔን ዘለለኝ» ይል ነበር፣ ሚስቱ ጥሩወርቅ በሌለችበት።

የዚያ ዓመት ክረምት ሲወጣ የሴት ልጁ የስንዱ ሠርግ ለጥር ተቆረጠ። የአማቾቹ ወገን ሲጠጣ የማይታማ ነውና ባይለየኝ ሽማግሌዎቹ ፊት ደረቱን ነፍቶ «ጠላ የሚባል ከደጄ አይታይም፤ ጠጅ ነው የማጠጣችሁ» ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ተስፋው ሁሉ ከጓሮው በተሰቀለው አንድ ቀፎ ላይ ነበር። ንቡ ብርቱ ነው። አበባው ሲፈነዳ ይሠራል፣ ማሩ በኅዳር ይቆረጣል፣ በጥር ጠጅ ይሆናል። ቃል የተገባው በንብ ነበር ማለት ነው፤ ንብ ደግሞ የማንንም ቃል አይጠብቅም።

በመስከረም ጉንዳን ቀፎው ውስጥ ገባ። ንቡ አውራውን ይዞ ግር ብሎ ወጣና ኮበለለ። ባይለየኝ ምሳውን ጥሎ ተነሣ። አፈር እየበተነ፣ እያፏጨ፣ «ስፈር! ስፈር!» እያለ በጤፉ መሐል፣ በአጥሩ ላይ፣ በሳማው ውስጥ ሮጠ። ያላየው ሰው አልነበረም። ንቡ ሄዶ ሄዶ ከጎረቤቱ ከጓንጉል ዋንዛ ላይ፣ ታጥኖ በተሰቀለ አዲስ ቀፎ ውስጥ ጥልቅ አለ።

የአገሩ ሕግ ግልጽ ነው። የኮበለለ ንብ ከዓይኑ ሳይለየው የተከተለው ሰው የትም ቢሰፍር ይወስደዋል። ትቶት የቀረ እንደሆነ ግን ንቡ ለገባበት ቀፎ ባለቤት ይሆናል።

«ጓንጉል፣ ንቤ ገብቶብሃል» አለ ባይለየኝ እያለከለከ።

ጓንጉል ጥቂት ተናጋሪ፣ ብዙ አሳቢ ሰው ነበር። ቀፎውን ቀና ብሎ አየ፣ የባይለየኝን እግር ዝቅ ብሎ አየ። «ሳማው ጋ ስትደርስ ቆመህ አልነበር?» አለ።

«ቢለበልበኝ አከክሁ እንጂ መች ቆምኩ!»

«ጎንበስ ብለህ ስታክ ታዲያ ንቡን በምንህ አየኸው?»

ጓንጉል ይህን ያለው ቀልድም፣ ትንሽ ስስትም ይዞት ነበር። በዚያ ዓመት ባዶ ቀፎ የሰቀለ ሰው ንብ ሲገባለት ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌላ ሰው ቢሆን «ተው፣ አትቀልድ» ብሎት ነገሩ እዚያው ባለቀ። ባይለየኝ ግን እንዲህ አላለም። ፊቱ ተቆጣ፣ ልቡ ግን እንደ ጥጃ ቦረቀች። ባላጋራ ተገኘ!

ያን ዕለት እህል አልበላም። ከምድጃው ዳር ተቀምጦ ጣቱን እያወዛወዘ ግጥም ሲያሰካካ ጥሩወርቅ አየችው።

«ምንድን ነው የምታነበንበው?»

«ሙግቴን ነው።»

«ስማኝ አንተ ሰውዬ» አለች፣ ሥራዋን ትታ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ። «ሦስት ነገር ብቻ በል። ንቡ የእኔ ነው። ተከትዬዋለሁ። ምስክር አለኝ። ከዚያ አፍህን ይዘህ ወደ ቤትህ ና።»

«ይህ እኮ ሙግት አይደለም ሴትዮ! ይህ ከብት መጥራት ነው።»

«የልጅህ ሠርግ በንቡ ላይ ነው ያለው።»

«እኮ! ለዚህ ነው አሳምሬ መናገር ያለብኝ።»

ጥሩወርቅ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ አንድ ነገር ለእግዚአብሔር ነገረችው። ምን እንዳለችው አልተሰማም።

አሁን የቀረው ልብስ ነበር። የባይለየኝ ጋቢ ከእርሻ ጋር የኖረ ነው፤ እሱን ለብሶ ደግሞ በላ ልበልህ አይባልም። ስለዚህ ወደ ሚስቱ አጎት፣ ወደ አያ ቢተው ዘንድ ሄደ። አያ ቢተው ከሾላ አምባ ሰው ሁሉ በዕድሜ የገፉ ሽማግሌ ነበሩ። በሣጥናቸው ውስጥ ማንም ያልለበሰው፣ እንደ ወተት አረፋ የነጣ፣ ሸማኔው ዓይኑን ያፈሰሰበት አንድ ኩታ ነበራቸው።

«ያ እኮ መገነዣዬ ነው» አሉ አያ ቢተው።

«ለአንድ ቀን ብቻ ያውሱኝ፣ አያ።»

«በዚያ አንድ ቀን ብሞትስ?»

«ኧረ አይሞቱም!»

«አንተ ምን ታውቃለህ? እኔ ራሴ አላውቀውም።» ጢማቸውን ሲያፍተለትሉ ቆዩና የስንዱን ሠርግ አሰቡ፣ ጠጁንም አሰቡ። ጠጅ ከመሞት በፊት የሚመጣ ነገር ነው። ሣጥኑን ከፈቱ። «ድሩ ስስ ነው። ቀስ አድርገህ ያዘው። አትጎትተው፣ አትርገጠው፣ እሾህ አታስነካው። እኔም ከችሎቱ እመጣለሁ።»

«ሙግቴን ሊሰሙ?»

«ኩታዬን ልጠብቅ ነዋ!»

ማክሰኞ ጧት ጓንጉል በአሮጌ ጋቢው ታጥቆ አጥሩን ሲጠግን ባይለየኝ ነጭ በነጭ ሆኖ ከፊቱ ቆመ። ዘንግ ይዟል። ጠጉሩን ቅቤ ቀብቷል።

«በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ።

ጓንጉል እሾኩን እንደያዘ ቀና አለ። «ምን ያስጮህሃል? እዚሁ አጠገብህ አይደለሁ? ሠርጉ ለጥር አልነበር እንዴ?»

«በሕግ አምላክ ብያለሁ! ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል!»

በዚያ ዘመን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው እግሩን አያነሣም። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቢኖር እሱም ይቆማል፤ ነገሩን ሰምቶ ማስታረቅ ወይም ወደ ዳኛ መምራት ግዴታው ነው። የዚያን ቀን ዕጣ የደረሰው ጨው ጭኖ ለሚያልፍ ነጋዴ ነበር። ነጋዴው ቆመ። አህዮቹ ግን ሕግ አያውቁምና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«ቶሎ በሉ!» አለ ነጋዴው በአንድ ዓይኑ ወደ አህዮቹ እያየ። «ነገራችሁ ምንድን ነው?»

«ነገሬ ሰፊ ነው» አለ ባይለየኝ ጉሮሮውን እየጠራረገ። «ከአያቴ ልጀምርና…»

«በቃ፣ በቃ! ወደ ግራዝማች ሂዱ።» ነጋዴው የሁለቱን ልብስ ጫፍ ሳብ ሳብ አድርጎ አንድ ላይ ቋጠረና ጭነት እንደሚያጠብቅ ሰው በጉልበቱ ተደግፎ አጠበቀው። ይህ ቁራኛ ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው እስከ ዳኛ ድረስ አብረው ይሄዳሉ። ቋጠሮውን የሚፈታው ዳኛው ብቻ ነው። በመንገድ የፈታ ሰው እንደሸሸ ይቆጠርና ይረታል። አንድ ሰው ከጠላቱ ጋር እንዲህ ተቆራኝቶ ግማሽ ቀን ሲሄድ ጠቡን ይረሳዋል ብለው የድሮ ሰዎች ያሰቡት ይመስላል። አስበውም ከሆነ ባይለየኝን አላሰቡም።

መንገዱ እስከ ቀትር የሚያስኬድ ነበር። ጓንጉል ቶሎ ደርሶ ቶሎ መመለስ ፈልጎ ሲፈጥን፣ ባይለየኝ «ቀስ! ኩታው!» ይላል። ጭቃ ሲመጣ ኩታውን ሰብስቦ እንደ ነፍሰ ጡር በጥንቃቄ ይራመዳል፤ ጓንጉልም አብሮ ይራመዳል። ጓንጉል የእሾህ ቁጥቋጦ አጠገብ ሲያልፍ «ወዲህ! ወዲህ!» ይላል፤ ጓንጉል ወዲያ ይላል።

«ባይለየኝ» አለ ጓንጉል ከጥቂት ጊዜ በኋላ። «ውኃ ሽንቴ መጥቷል።»

«አሁን?»

«ቀጠሮ ልስጠው?»

ሌላ ምርጫ አልነበረም። ሁለቱም ወደ ቁጥቋጦው ዞር አሉ። ባይለየኝ የመገነዣውን ኩታ በሁለት እጁ ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ተራራው መልሶ፣ የሙግቱን ሦስተኛ ስንኝ ያጠና ጀመር። በዚያ ሰዓት ከላይ ሆኖ ያያቸው ሰው ቢኖር ጠበኞች ናቸው ብሎ አያምንም ነበር።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጓንጉል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቋጠሮው ስለሳበው ባይለየኝም ተቀመጠ።

«እኔ ሳስበው» አለ ጓንጉል ውኃውን እያየ፣ «ነገሩ ደስ አላለኝም። ስንዱን በዚህ ወንዝ አዝዬ ስንቴ አሻግሬያታለሁ። በኔና በአንተ ጠብ ሠርጓ ባይበላሽ ይሻላል። ማሩ ሲቆረጥ ለሁለት እንካፈለው። ግማሹ ለአንተ፣ ግማሹ ለኔ። እዚሁ እንታረቅና ከግራዝማች ፊት ቆመን ‹ታርቀናል፣ ቋጠሮውን ይፍቱልን› እንበላቸው።»

ባይለየኝ በልቡ አሰላው። ግማሹ በቂ ነበር። ከግማሹ የሚወጣው ጠጅ የአማቾቹን ወገን እስከ ማታ ያስጨፍራል። ስንዱ ፊቷን በነጠላ ጫፍ ሸፍና ስትስቅ ታየችው። ጥሩወርቅ «እሰይ!» ስትል ተሰማችው። «እሺ» ሊል አፉን ከፈተ።

ከዚያ ግን ንግግሩ ትዝ አለው። ስንት ቀን ያሰካካው፣ በሬዎቹን ያስፈዘዘበት ንግግር! ከታረቀ የት ሊሄድ ነው? ከግራዝማች ፊት ቀርቦ «ታርቀናል» ብሎ መመለስ ማለት፣ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቃት የኖራት ቀን «ታርቀናል» በምትባል አንዲት ቃል አለቀች ማለት ነው። ሆዱ ባባ። ሰው ለልጁ ሆዱ መባባት ሲገባው ለግጥሙ ሲባባ ማየት የሚያናድድ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሆነ።

«አይሆንም» አለ ከድንጋዩ ላይ ብድግ ብሎ። «ፍርድ ይለየን!»

ጓንጉል አንገቱን ነቀነቀና ተነሣ።

ግራዝማች አምባዬ ከሾላው ሥር ተቀምጠው ነበር። ሸምገል ያሉ፣ ከሰው ነገር ብዛት ዓይናቸው የደከመ፣ ግን ጆሯቸው የነቃ ዳኛ ናቸው። አገሬው እንደ ልማዱ ዙሪያውን ከቧል። አያ ቢተው በምርኩዛቸው ተደግፈው ከፊት ቆመዋል፤ የሚያዩት ኩታውን ብቻ ነው።

«ነገራችሁ ምንድን ነው?» አሉ ግራዝማች።

ባይለየኝ ዘንጉን አነሣ። ይህችን ቀን ስንት ዓመት ጠበቃት! ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ።

«በላ ልበልህ! በላ ልበልህ!
የንቡ ባለቤት፣ ማነው እየተባለ፣
ቀፎ አጥኖ ዛፍ ላይ፣ ከፍ አርጎ የሰቀለ?
ወይስ አፈር ይዞ፣ ሲሮጥ የዋለ?»

«ይበል! ይበል!» አለ አገሬው። እውነትም ያማረ ነበር። ግራዝማች አምባዬ እንኳ ከተደገፉበት ቀና አሉ። ነገሩ በዚያች ስንኝ አልቋል፤ ሳላቋርጥ ተከትያለሁ ብሏል፣ ምስክሮቹም ተደርድረዋል። ግራዝማች ዘወር ብለው ጓንጉልን «ሲሮጥ አይተኸዋል?» አሉት።

«አይቼዋለሁ ጌታዬ» አለ ጓንጉል፤ መዋሸት አያውቅበትም። «ሳማው ጋ ግን ቆም ብሏል።»

«ሳማ የለበለበው ሰው ቢያክ ንቡን ተወ አይባልም» አሉ ግራዝማች። ቋጠሮውን ሊፈቱ እጃቸውን ዘረጉ። ፍርዱ ከንፈራቸው ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ባይለየኝ ዝም ቢል ኖሮ ይህ ተረት አይኖርም፤ እኛም ሌላ አባባል እንፈልግ ነበር። እሱ ግን «ይበል!» የሚለው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ገብቶ እንደ ጠጅ አናቱ ላይ ወጥቶበታል። ካዘጋጀው ግማሹ ገና አልተነገረም። ስለ ዘሩ፣ ስለ ኩራቱ፣ ስለ ወንድነቱ ያሰካካው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ሊሻግት ነው።

«ገና አልጨረስኩም ጌታዬ!» አለና እንደ ተሟጋች ወግ ውርርድ ገባ። «አንድ ጉንዶ ሙሉ ማር እወራረዳለሁ!»

«ማሩ የት አለና ነው የምትወራረደው?» አሉ ግራዝማች እጃቸውን እየሰበሰቡ። «የተጣላችሁበት ማር እኮ ገና አበባ ላይ ነው።» አገሬው ሳቀ። «በል እሺ፣ ጨርስ። ቶሎ ግን።»

«ኩታውን! ቀስ!» አሉ አያ ቢተው።

ባይለየኝ አልሰማም። ወደፊት ተንደርድሮ ወጣ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ደረቱን ነፋ። ከቋጠሮው ማዶ ያለው ጓንጉል እንደ ጉቶ ቆሟል።

«እኔ ባይለየኝ፣ የካሳዬ ልጅ፣
የልመና ጠላት፣ የኩራት ወዳጅ፣
ዞሬ አላይም እኔ፣ የወጣ ከደጅ!»

«ከደጅ» ሲል ዘንጉን ወደ ሰማይ ሰንዝሮ ወደ ግራዝማች ዘለለ። ጓንጉል አልዘለለም። የጨው ነጋዴው ቋጠሮም አልተፈታም። ትርርር የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የአያ ቢተው መገነዣ ከጫፉ ጀምሮ እስከ ባይለየኝ ትከሻ ድረስ ለሁለት ተሰነጠቀ።

«ይበል!» ያለ ሰው አልነበረም። አያ ቢተው ብቻ «ወይኔ!» አሉ።

ግራዝማች አምባዬ ጨርቁን አላዩም። የሰሙትን ነገር በአእምሯቸው እያላመጡ ነበር። «ባይለየኝ» አሉ በለሆሳስ፣ «ንቡ ከደጅህ ወጥቷል?»

«አዎን ጌታዬ፣ ወጥቷል!»

«ከደጅህ የወጣ ነገርስ?»

ባይለየኝ ሊደግመው አፉን ከፈተና፣ እዚያው አፉን እንደከፈተ ገባው።

«በል እንጂ» አሉ ግራዝማች። «አሁን ያልከውን ድገመው።»

«ዞሬ… ዞሬ አላይም…»

«ዞረህ አላየኸውም። የተከተለ ይወስዳል፣ ዞሮ ያላየ ይለቃል፤ ሕጉ ይህ ነው።»

«ምስክር አለኝ ጌታዬ! አገር አይቶኛል! ይህን እኮ ቤት ለመምታት ብዬ ነው!»

«ቤትማ መታህ፤ የገዛ ቤትህን ነው እንጂ የመታኸው። ምስክሮችህ ተከትሏል ይላሉ፤ አንተ ራስህ ዘንግ ወዝውዘህ፣ አገር ሰብስበህ፣ ዞሬ አላይም ትላለህ። ሰው በገዛ አፉ ከመሰከረ እኔ ሌላ ምስክር ከየት ላምጣ?» ወደ ጓንጉል ዞሩ። «አንተስ የምትለው አለህ?»

«ምን እላለሁ ጌታዬ» አለ ጓንጉል። «እሱ ጨርሶታል።»

ግራዝማች ንቡን ለጓንጉል ፈረዱ። ቋጠሮውን በብዙ ትግል ፈቱት፤ የነጋዴው አስተሳሰር ከጨርቁ ይልቅ ጠንክሮ ነበር።

ባይለየኝ እመሬት ላይ ቁጭ አለ። እውነቱ የእሱ ነበር። ንቡ የእሱ ነበር። አገር ሁሉ ያውቃል፣ ጓንጉል ያውቃል፣ ግራዝማችም ያውቃሉ። ከዚህ በላይ የሚያቃጥል ነገር የለም፤ ውሸታም ቢሆን ኖሮ መረታቱን ይችለው ነበር። ጥር ሊመጣ ነው። አማቾቹ «ጠጁስ?» ሊሉ ነው። ስንዱ በሰው ፊት አንገቷን ልትደፋ ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ይህ እንባ እንኳ ለግጥሙ አልነበረም።

«ጓንጉል» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ያ ወንዙ ዳር ያልከኝ…»

«ፍርድ ይለየን ብለህ የለ? ለየን።» ጓንጉል ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። ከዚያ ከባይለየኝ ፊት ቁጢጥ አለ። «ስማኝ። ስንዱ ምን አጠፋች? ለሷ ስል ጠጁን እኔ እጥላለሁ። ግማሹንም አይደለም፣ ማሩን በሙሉ። ነገር ግን አንድ ቃል ግባልኝ።»

«ምንድን ነው? ምንም ይሁን!»

«በሠርጉ ቀን አንተ አትናገርም። አማቾቹን የሚቀበል ሌላ ሰው ይሁን፣ ሙሽሮቹንም የሚመርቅ ሌላ ሰው ይሁን። አንተ ዝም ብለህ ትጠጣለህ።»

አገሬው በሳቅ ፈነዳ፤ ግራዝማች አምባዬም አፋቸውን በኩታቸው ጫፍ ሸፈኑ። ባይለየኝ ግን አልሳቀም። ስንዱ ዳዴ ስትል ጀምሮ ለሠርጓ ያዘጋጀው ምርቃት ነበረው። ረጅም ነው፤ እርግቦች አሉበት፣ ኖኅ አለበት፣ መጨረሻው ያስለቅሳል። ሳቁ እየበረደ ሄደ፤ ሰዎች ባይለየኝን ያዩ ጀመር። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ «እሺ» ከማለት በቀር ምን አለ? እሱ ግን አንድ ጊዜ ወደ ጓንጉል፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ አየ። ተነሥቶ ቆመ። የተቀደደውን ኩታ በትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ ዘንጉን ከመሬት አነሣ፣ ትንፋሽ ሳበ።

«በላ ልበልህ…»

«ዝም በል!» አሉ አያ ቢተው። በምርኩዛቸው ሰውን እየከፈሉ መጥተው ኩታቸውን ከትከሻው ላይ ገፈፉት። ሁለቱን ቅዳጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ለአገሬው አሳዩ። «እንግዲህ እኔ በምን ልሞት ነው? በግማሽ ኩታ ከፈጣሪዬ ፊት ልቅረብ? እስክትተካልኝ ድረስ መሞቴንም ከለከልከኝ!» ከዚያ ቁጣቸው በረደና ባይለየኝን እንደሚያሳዝን ልጅ አዩት። «‹እሺ› በለውና ሂድ ልጄ። ንብህን ነጥቆ የወሰደብህ የለም፤ ልብሴንም የበላው አይጥ የለም። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል።»